መኪና ሲሞት ሂሳቡን ማን ይከፍላል?

(ይህ ጽሑፍ ጎንደር ላይ ለጋራዥ ባለሙያዎች፣ ለጎሚስታዎችና ለአውቶ ሜካኒክስ ሰልጣኞች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። አድማጮች ያነሷቸውን አንዳንድ ጥያቄዎችም አካትቻለሁ።)

እንዴት ዋላችሁ። ቅዳሜ ከሰዓት የጋራዥ ሰው ጊዜ እንደሌለው አውቃለሁ። ደጅ ላይ ጃክ የተደረገ መኪና ትታችሁ የመጣችሁም አላችሁ። ስለዚህ ወደ ነገሬ ልግባ።

የማወራው ስለሞተ መኪና ነው። ሞተሩ የነከሰ፣ ሻንሲው የተጣመመ፣ ባለቤቱ «በቃ» ያለው መኪና። ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ እዚህ ከተማ መኪና በቀላሉ አይሞትም። ባሌስትራው ቀጥቃጭ ቤት ገብቶ ማረሻና መጥረቢያ ይሆናል። ጎማው በረባሶ ሆኖ ገበያ ይወጣል። ካመራዳሪው ተሰንጥቆ የአህያ ጭነት ያስራል። ፒስተኑ ቀልጦ ድስት ይሆናል። ካምቢዮው፣ በሩ፣ ኮፈኑ፣ ስፖኪዮው ሌላ መኪና ላይ ዕድሜ ይቀጥላሉ። የተረፈውን ላሜራ ቁራሌው ይዞት ይሄዳል። ኤንትሬ፣ ያን የድሮ የፊያት የጭነት መኪና፣ ሲፈቱና ሲገጥሙ ያረጁ አባቶች ፊት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እነሱ ባሉበት «ሪሳይክል ላስተምራችሁ» ብዬ አልነሳም። ደፋር ነው የምባለው።

እኔ የመጣሁት ማንም ስለማይገዛው ነገር ላወራ ነው። የቅርጫ በሬ ሲታረድ ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፋፈላል፤ ቆዳውም ገዢ አያጣም። ፈርሱን ግን «ለእኔ ይድረሰኝ» የሚል የለም። መኪናም እንዲሁ ፈርስ አለው። የተቃጠለ ዘይት፣ የባትሪ አሲድ፣ የኤሲ ጋዝ፣ ያልፈነዳ ኤርባግ፣ የወንበር ስፖንጅ፣ የተሰበረ መስታወት። ዋጋ ያለውን ነገር ሰው ራሱ ሮጦ ይሰበስበዋል፤ ፖሊስም ሕግም አይፈልግም። ሕግና ገንዘብ የሚያስፈልገው ዋጋ ለሌለው ነው። ዛሬ የምለው ሁሉ ከዚህ አይወጣም።

ምሳሌ እንዲሆነን ጃፓንን መርጫለሁ። በየመንገዱ የምናየው ቪትዝ፣ ኮሮላ፣ ሃይሉክስ፣ አባዱላ ብዙው የዚያ አገር ስም ነው ያለበት። ደግሞ ጃፓኖች እዚህ ሥርዓት ላይ የደረሱት ጨዋ ስለሆኑ ብቻ አይደለም። ቆሻሻው አፋቸው ላይ ስለደረሰ ነው።

መጀመሪያ አሠራሩን ልንገራችሁ። አንድ ጃፓናዊ መኪናውን መሸኘት ሲፈልግ ለተመዘገበ ተረካቢ ያስረክባል። ከተረካቢው ወደ ጋዝ ቀጂው፣ ከጋዝ ቀጂው ወደ ፈቺው፣ ከፈቺው ወደ ፈጪው ያልፋል። ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው በተላለፈ ቁጥር በኮምፒውተር ይመዘገባል። መሐል ላይ ጠፍቶ ቢቀር ማን እጅ ላይ እንደጠፋ ይታወቃል።

ፈቺው ጓሮ ምን ይመስላል? ወለሉ ኮንክሪት ነው። ዘይት ቢንጠባጠብ ወደ አፈር አይሰርግም። ከዝናብ ጋር ታጥቦ ቢሄድ እንኳ መውጫው ላይ ዘይትን ከውሃ የሚለይ ጉድጓድ ይጠብቀዋል። መኪናው እንደገባ ማንም ቁልፍ ይዞ ወደ ሞተሩ አይሮጥም። ቀድሞ ነዳጁ ይቀዳል። የሞተር ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የፍሬን ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ በየራሱ በርሜል ይገባል። ባትሪው ይወጣል። ኤርባጉ ወይ ይነሳል ወይ እዚያው በጥንቃቄ እንዲፈነዳ ይደረጋል። ከዚህ በኋላ ነው የመለዋወጫው ሥራ የሚጀምረው። ከእኛ ጋር የሚለያዩት እዚህች ላይ ነው። በመፍታት ጥበብ አይበልጡንም፤ እንዲያውም እነሱ ጋ ሞተር ለመጠገን የሚለፋ ሰው እያነሰ ነው። የሚበልጡን በመጀመሪያዋ ሰዓት ነው።

መለዋወጫው ከወጣ በኋላ የኤሌክትሪክ ሽቦው ይነቀላል። ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ለመዳቡ ዋጋ ብቻ አይደለም። መዳብ ከብረት ጋር አንድ ላይ ከቀለጠ በኋላ ለይቶ ማውጣት በተግባር አይቻልም። መዳብ የበዛበት ብረት ደግሞ ሲሞቅና ሲዳመጥ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ሽቦው ውስጡ የቀረበት መኪና ሲቀልጥ የሚወጣው ብረት ጥራቱ ይወርዳል። በሀገራችንም ቁርጥራጭ ብረት አቅልጠው ፌሮ የሚሠሩ ፋብሪካዎች አሉ። ጋራዥ ውስጥ ሽቦ የሚነቅል ልጅ የአንድ ፎቅ ምሰሶ ላይ ድርሻ አለው ብል ማጋነን አይደለም። በነገራችን ላይ ሽቦውን በእሳት አቃጥሎ መዳቡን ማውጣት ሳንባን የሚበላ ሥራ ነው። ፕላስቲኩን በቢላ መላጥ ይዘገያል፤ ግን ያንን ጭስ ከመሳብ ይሻላል።

ከዚያ የተላጠው ቦዲ ይጨፈለቅና ወደ መፍጫው ይገባል። መፍጫው ከባድ መዶሻዎች የሚሽከረከሩበት ግዙፍ ማሽን ነው። አንድን ቦዲ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ጭብጥ ጭብጥ ወደሚያክል ቁራጭ ይለውጠዋል። ብረቱን ማግኔት ይለቅመዋል። አሉሚኒየሙን ሌላ ዓይነት የማግኔት ሞገድ ገፍቶ ያስፈነጥረዋል። አሉሚኒየም መለቀሙ ትልቅ ትርፍ ነው፤ ከማዕድን አዲስ ለማምረት ከሚፈጀው ኃይል 95 በመቶ ያህሉ ይቆጠባል። በመጨረሻ ማግኔትም ነፋስም የማይፈልጉት ይቀራል። ስፖንጅ፣ ጨርቅ፣ ላስቲክ፣ መስታወት፣ የፕላስቲክ ድቃቂ፣ አቧራ። ከመኪናው ክብደት አንድ አምስተኛ ገደማ ይሆናል።

ይሄ ድቃቂ ነው ጃፓንን ያዋረዳት። ታሪኩን ልንገራችሁ፤ ወድጄው ነው ትንሽ የምቆይበት።

በጃፓን የውስጥ ባሕር ላይ ቴሺማ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ዓሣ አጥማጆችና ገበሬዎች የሚኖሩባት፣ ካጋዋ በሚባል አውራጃ ሥር ያለች። በ1970ዎቹ (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) አንድ ድርጅት እዚያ መርዛማ ቆሻሻ ሊያስወግድ ፈለገ። ነዋሪው አልቀበልም አለ። ድርጅቱ ሐሳቡን አሳምሮ ተመለሰ፦ የምድር ትል ላረባ ነው አለ። አውራጃው በ1978 ፈቀደለት። የትል ማርቢያ! ከዚያ የመጣው ግን ከመኪና መፍጫ የወጣ ድቃቂ ነበር፤ በመርከብ እየተጫነ። ድርጅቱ ሜዳ ላይ ይከምረዋል፤ ያቃጥለዋል። የአካባቢው ሰው ጭሱ አፍኖን ሳል በሳል ሆንን እያለ አቤት አለ። ባለሥልጣናቱ ግን «ይሄ ቆሻሻ አይደለም፤ ገዝቶ ነው የሚያመጣው» እያሉ ያልፉታል። በወረቀት ላይ በእርግጥ ይገዛል። በሌላ እጁ ግን «የማጓጓዣ» እያለ ከገዛበት የበለጠ ይቀበላል። ሰዎች ቆሻሻ እንዲጣልላቸው ነበር የሚከፍሉት።

እ.ኤ.አ. በ1990 ፖሊስ ገባ። የመጣው ግን የዚያው አውራጃ ፖሊስ አይደለም፤ የጎረቤቱ የሂዮጎ አውራጃ ነው። ነዋሪዎቹ ዓመታት ተሟገቱ። በ2000 የካጋዋ አስተዳዳሪ በይፋ ይቅርታ ጠይቆ ስምምነት ተፈረመ። ቆሻሻው ተቆፍሮ ናኦሺማ ወደምትባል ጎረቤት ደሴት እየተጫነ በከፍተኛ ሙቀት ቀለጠ። ተጓጉዞ ያለቀው በ2017 ነው። ከተበከለው አፈር ጋር ከ900,000 ቶን በላይ ነበር። ትል ለማርባት የተሰጠ አንዲት ፈቃድ ይህን ያህል ዋጋ አስከፈለች።

በዚህ ነገር የተደናገጠው መንግሥት በ2002 የመኪና ሪሳይክል ሕግ አወጣ። ሙሉ በሙሉ ሥራ የጀመረው በጥር 2005 ነው። ሕጉ መኪና አምራቾችን ሦስት ነገር ተረክባችሁ አስወግዱ ይላቸዋል፦ የኤሲውን ጋዝ፣ ኤርባጉን፣ ድቃቂውን። ሦስቱን ብቻ። ስለ ብረቱ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ መዳቡ አምራቹን አያስጨንቅም። ለምን? ገበያው ስለሚወስደው። ሕጉ እጁን ያስገባው ገበያው ፊቱን ባዞረበት ቦታ ብቻ ነው። እኔ ከሕጉ ሁሉ በጣም የምወደው ይሄን ልከኝነቱን ነው።

ወጪውን የሚሸፍነው የመኪናው ባለቤት ነው። መቼ? አዲስ መኪና በገዛበት ቀን። እንደ መኪናው ዓይነት ይለያያል፤ ለተራ መኪና ብዙውን ጊዜ ከ6,000 እስከ 18,000 የን ባለው ውስጥ ይወድቃል። ገንዘቡ ወደ መንግሥት ካዝና አይገባም። ለዚሁ ሥራ የቆመ አንድ ማዕከል ይይዘዋል። መኪናው ሁለተኛ ሰው ቢገዛው፣ ገዢው ያቺን ገንዘብ ለሻጩ ይመልስለታል። እንዲህ እያለ መብቱ ከመኪናው ጋር ይዞራል። መኪናው የሞተ ቀን የቀብሩ ወጪ ተቀምጦ ይጠብቀዋል።

ድቃቂውን በተመለከተ ሕጉ ከ2015 ጀምሮ 70 በመቶው ጥቅም ላይ እንዲውል ይጠይቃል። አምራቾቹ ይህን አልፈውታል። ብዙው ግን ተቃጥሎ ሙቀቱ ጥቅም ላይ የሚውል ነው። ማቃጠልን ሪሳይክል ብሎ መጥራት እኔን ትንሽ ይከብደኛል፤ ቢሆንም ቴሺማ ላይ ከመከመር ይሻላል።

አሁን ወደ እኛ የሚመጣውን ነገር ስሙ። አንድ ጃፓናዊ መኪናውን እዚያ ከመፍታት ይልቅ ወደ ውጭ ሊልከው ቢፈልግስ? የከፈላት የሪሳይክል ገንዘብ ትመለሳለች። መኪናውን ወደ ውጭ የላከው ሰው ማመልከቻ ያስገባና ገንዘቡን ይወስዳል። አሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ «መኪናው እዚህ ስለማይሞት እዚህ አንቀብረውም» ነው ነገሩ። ነገር ግን ምን ማለት እንደሆነ አያችሁ? መኪናው መርከብ ላይ ሲወጣ የቀብር ገንዘቡ ወደብ ላይ ይወርዳል። ኤርባጉ፣ ጋዙ፣ ስፖንጁ ወደ እኛ ይመጣል፤ እነሱን ለማስወገድ የተከፈለው ገንዘብ እዚያ ይቀራል። አዲስ አበባም ይግባ፣ አዘዞም ይድረስ፣ ሂሳቡ ሳይከፈል ነው የሚደርሰው።

የጃፓን ብቻ ጉዳይም አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም በ2020 ባወጣው ሪፖርት ከ2015 እስከ 2018 ባለው ጊዜ 14 ሚሊዮን ያገለገሉ ቀላል መኪኖች ከአውሮፓ፣ ከጃፓንና ከአሜሪካ ወደ ሌላ አገር ተልከዋል ይላል። 80 በመቶው የሄደው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ወዳላቸው አገሮች ነው። ትልቁን ድርሻ የወሰደችው አፍሪካ ናት።

አውሮፓን በአጭሩ ልለፈው። በ2000 የወጣው መመሪያቸው ከመኪናው ክብደት 95 በመቶው ከ2015 ጀምሮ መልሶ ጥቅም ላይ እንዲውል ያዛል። እርሳስ፣ ሜርኩሪና ካድሚየም የመሳሰሉ መርዞች ከጥቂት ነገሮች በስተቀር በአዲስ መኪና ውስጥ እንዳይገቡ ከሐምሌ 2003 ጀምሮ ከልክሏል። የምቀናባቸው ግን በአንዲት ወረቀት ነው። መኪናው ሲፈታ የመወገድ ምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፤ ያለዚያች ወረቀት ከመዝገብ አይወጣም። እንደዚያም ሆኖ የአውሮፓ ኮሚሽን ራሱ በየዓመቱ 3.5 ሚሊዮን መኪኖች የት እንደገቡ አይታወቅም ይላል። ስለዚህ «ፈረንጅ ጨርሶታል» እንዳትሉ።

ቻይና ደግሞ ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት አላት። ለረጅም ጊዜ የሞተ መኪና ሞተር፣ ካምቢዮ፣ መሪ፣ አክሰልና ሻንሲ ለመለዋወጫነት እንዳይሸጥ ከልክላ ነበር። አምስቱም መቅለጥ ነበረባቸው። ፍርሃቱ ባገለገለ ዕቃ የተገጣጠመ አደገኛ መኪና መንገድ ላይ ይወጣል የሚል ነው። የሆነው ግን ፈቺዎቹ ከሕጋዊው ጓሮ ሸሹ። በ2019 ሕጉን ቀይራ አምስቱ ለእድሳት ፋብሪካ እንዲሸጡ ፈቀደች። መለዋወጫ የሚሸጠውን ሰው ትርፉን ከነጠቃችሁት ፈርሱንም አያነሳላችሁም። እዚህ ነገ ሕግ የሚያወጣ ሰው ካለ ይችን ይያዝልኝ።

እሺ፣ ወደ ቤታችን። እኛ ጋ ያለው ሕግ በር ላይ የቆመ ነው። ድሮ ያረጀ መኪና ሲገባ ለእርጅናው የዋጋ ቅናሽ ይታሰብለት ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ገለበጠው፤ መኪናው ባረጀ ቁጥር ታክሱ ናረ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሁለቱም ስለሚገባው መኪና ይናገራሉ። ገብቶ ስላረጀው ዝም ይላሉ። ታክሱ ከፍ ሲል ደግሞ ያለው መኪና ዋጋው ናረ፤ ሰውም እየጠገነ ሙጭጭ አለ። ለእናንተ ሥራ ነው፤ ደስ ይላል። ግን ያ ሁሉ መኪና አንድ ቀን አንድ ላይ ይወድቃል።

የሞተ መኪና ደግሞ በወረቀት አይሞትም። ሊብሬው መሳቢያ ውስጥ፣ ታርጋው ግንብ ላይ ተሰቅሎ ይኖራል። በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ሳር የበቀለበት ላንድክሩዘር ታያላችሁ። ጎማው ተነፍሷል፣ ባትሪው አሲዱን አንጠባጥቦ ጨርሷል። በጨረታ ይወገዳል ሲባል ዓመታት ያልፋሉ። ጨረታው ሲወጣም ሰው የሚጫረተው በሊብሬው ይሁን በብረቱ አይገባችሁም።

ስለ ባትሪ ቆም ብለን እናውራ። ከሁሉም የምፈራው እሱን ነው። ተራ የመኪና ባትሪ ከክብደቱ አብዛኛው እርሳስ ነው። እርሳስ ዋጋ አለው፤ ስለዚህ ባትሪ ሜዳ ላይ አይቀርም፣ ይሰበሰባል። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» ትሉኛላችሁ። ችግሩ እንዴት እንደሚፈታ ነው። ሴኔጋል ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር ሜር የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ ባትሪ በየደጁ ይሰበር ነበር፤ እርሳስ አፈሩ ውስጥ ተቀላቀለ። የእርሳስ ዋጋ ሲወጣ እናቶች አፈሩን እየቆፈሩ፣ እየነፉ እርሳሱን ይለቅሙ ጀመር። አፈሩን ለመንፋት ወደ ቤት የወሰዱም ነበሩ። ከኅዳር 2007 እስከ መጋቢት 2008 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ 18 ሕፃናት ሞቱ። መጀመሪያ ላይ ምን እንደገደላቸው እንኳ አልታወቀም። ምርመራ ሲደረግ ከሟቾቹ ወንድሞችና እህቶች፣ ከእናቶቻቸውም ደም ውስጥ እጅግ ብዙ እርሳስ ተገኘ።

ስለዚህ አደራ። አሲዱን ቦይ ውስጥ ደፍቶ ባዶውን መሸጥ ይቅር። ባትሪ በሙሉነቱ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ ጣራ ሥር፣ ከአፈር ከፍ ብሎ ይቀመጥ። መስበሩ የእኛ ሥራ አይደለም። ልብሳችሁንም እዚያው ቀይራችሁ ወደ ቤት ግቡ፤ እርሳስ በልብስ ተጭኖ ሕፃን ወዳለበት አልጋ ይሄዳል።

ድስቱንም ካነሳን፣ የፒስተንና የሞተር ክዳን አሉሚኒየም ብቻውን አይቀልጥም። ከሌላ ቁርጥራጭ ጋር ተደባልቆ እርሳስ ይገባበታል። ካሜሩን ውስጥ ከቁርጥራጭ የተሠሩ ድስቶች ተመርምረው እርሳስ ወደ ምግብ እንደሚለቁ ታውቋል። ድስት ሠሪዎቹን ለማሳጣት አይደለም። ለማቅለጥ የሚገባውን መለየት የእነሱም የእኛም ሥራ ነው ለማለት ነው።

ዘይቱስ? አውቃለሁ፣ ግማሹ ለእንጨት ቅብ ይሄዳል፤ ምስጥ ይከላከላል። የተረፈው ግን ጋራዡ መሬት ላይ ነው። መሬታችን ጥቁር ሆኗል፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጎንደር ደግሞ ተዳፋት ናት። ክረምት ላይ ያ ጥቁር ውሃ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ይወርዳል። እነሱ ወደ መገጭ፣ መገጭ ወደ ጣና። ከታች በዚያ ውሃ ቀይ ሽንኩርት የሚያለማ ገበሬ አለ። እኛው ነን መልሰን የምንገዛው።

ኤሲውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ። ቱቦውን በቁልፍ ላላ አድርጎ «ፍስስ» ማሰኘት የተለመደ ነው። አር 134ኤ የሚባለው ጋዝ አንድ ኪሎው ከ1,300 ኪሎ በላይ ካርቦንዳይኦክሳይድ ያህል አየሩን ያሞቃል። ትንሽ መኪና ውስጥ ግማሽ ኪሎ ገደማ አለ። መቅጃ ማሽኑ ርካሽ አይደለም፤ እያንዳንዱ ጋራዥ ይግዛ አልልም። በጋራ አንድ ቢኖር ግን ጋዙ ተጣርቶ ይሸጣል፤ ራሱን ይከፍላል።

እዚህ ላይ ከፊት የተቀመጡ አንድ አንጋፋ መካኒክ እጃቸውን አወጡ። «ልጄ፣ የምትለው ሁሉ ደግ ነው። ግን ኮንክሪቱን ማን ያፈሰዋል? በርሜሉን ማን ይገዛዋል? እኛ እኮ የኪራይ እያልን ነው የምናድረው» አሉኝ።

አንቱ የጠየቁኝ ነው ዋናው ጥያቄ፣ ጋሼ። የመጣሁትም ለእሱ ነው። የእኔ መልስ፦ ጋራዡ አይክፈል። የጃፓን ነገር የሚያስተምረን ገንዘቡ መኪናው ሲሞት ሳይሆን ሲገባ መያዝ እንዳለበት ነው። የሞተ መኪና ባለቤት ገንዘብ የለውም፤ ቢኖረውም አይከፍልም። ለአሮጌዎቹ ረፍዶባቸዋል፤ ሕጉ ወደኋላ ተመልሶ አይሰበስብም። ለኤሌክትሪክ መኪኖቹ ግን አልረፈደም። አሁን እየገቡ ነው፤ ጉምሩክ በር ላይ ቆመው ነው ያሉት። በዚያች ሰዓት ትንሽ ገንዘብ ለብቻው ቢቀመጥ የዛሬ አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ባትሪያቸው ሲደክም ማን ያነሳዋል የሚለው አያጨቃጭቀንም። አደራ የምለው ገንዘቡ ለብቻው ይቀመጥ ነው። ከሌላ ገቢ ጋር ከተደባለቀ ተራ ታክስ ሆኖ ቀረ።

ደግሞ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ከለመድነው ባትሪ ጋር አይገናኝም። ብዙዎቹ ከ300 ቮልት በላይ ናቸው፤ ይገድላል። የተጋጨ ሊቲየም ባትሪ ጠፋ ሲባል ከሰዓታት በኋላ መልሶ ሊቀጣጠል ይችላል። አውሮፓ ከየካቲት 2027 ጀምሮ ለእንዲህ ዓይነት ባትሪ ውስጡ ምን እንዳለ፣ ማን እንደሠራው የሚናገር ዲጂታል ፓስፖርት ታስገድዳለች። እኛ ጋ እስኪመጣ ቢያንስ ሥልጠናው ይቅደም። የኤሌክትሪክ መከላከያ ጓንት ሳይኖር፣ ዋናው የኃይል መቁረጫ ሳይነቀል ከፍተኛ ቮልት የሚሄድበትን ብርቱካናማ ገመድ ማንም አይንካ።

ለአሮጌዎቹ የምለው ሌላ ነው። ለእነሱ ፋብሪካ አያስፈልገንም። መፍጫ ማሽን ጎንደር ላይ መትከልም አያዋጣም፤ የሚፈጨው መኪና አይበቃውም። የሚያስፈልገን አንድ የጋራ ጓሮ ነው። ወለሉ የተለሰነ፣ ዘይት መለያ ጉድጓድ ያለው፣ ባትሪ የሚቆምበት ጣራ ያለው። ቦታውን ከተማው ይስጥ። መኪናው እዚያ ገብቶ ፈሳሹ ይቀዳ፣ ከዚያ ወደየጋራዡ ይሂድና እንደለመድነው ይበተን። የተቃጠለ ዘይት በበርሜል ከተጠራቀመ ገዢ አለው፤ የሲሚንቶ ፋብሪካ እቶን ሊያቃጥለው ይችላል። የሚበተነው በሊትር ሲሆን ነው ማንም የማይፈልገው። ከተማው ደግሞ ያቺን የአውሮፓ ወረቀት የመሰለች አንዲት ማስረጃ ይስጥ፤ «ይህ መኪና ተፈቷል፣ ታርጋው ተመልሷል» የምትል። ባለቤቱ ወደ ጓሮው የሚመጣው በእሷ ምክንያት ነው፤ በስሙ የሚቆጠር ግብርና ቅጣት ይቆምለታላ።

ከኋላ አንድ ጎሚስታ «የጎማውን ነገር ረሳኸው» አለኝ። አልረሳሁትም፤ በረባሶ የማይሆነው የራዲያል ጎማ ነው ያስቸገረን፣ ሽቦ አለበት። እሱም በብዛት ከተሰበሰበ የሲሚንቶ እቶን ይወስደዋል። ለሰርግና ለብርድ ሌሊት ማቃጠሉ ግን ይቅር።

ሌላው ከልምድ የሚነሳ ጥያቄ ስለ ፍሬን ሸራ ነበር። ሊማሊሞን የሚወጣና የሚወርድ መኪና ሸራ አይቆጥብም፤ ስለዚህ እዚህ ከሌላ ቦታ የበለጠ ይቀየራል። የድሮ ሸራ ውስጥ አስቤስቶስ የሚባል፣ ብናኙ ሳንባን የሚጎዳ ነገር አለ። በኮምፕሬሰር አትንፉት። በውሃ አርጥባችሁ ጥረጉት፤ ጨርቁን በፌስታል ቋጥሩት። ዕቃው ርካሽ ነው፣ ልማዱ ነው ከባዱ።

በመጨረሻ አንዲት የሁለተኛ ዓመት ሰልጣኝ ተነሥታ ስለ ኤርባግ ጠየቀችኝ። «መሪውን ስንፈታ ይፈነዳል ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለች።

እውነት ነው እህቴ። ውስጡ ፈንጂ ነው፤ በጨዋታ አትመልከቺው። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀይ። ወዲያው እጅሽን አታስገቢ፤ ኮምፒውተሩ ውስጥ የቀረ ኃይል ስላለ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። ሶኬቱን ከነቀልሽ በኋላ ኤርባጉን ስታወጪ ፊቱ ወደ ሰውነትሽ አይዙር፤ ጠረጴዛ ላይ ስታስቀምጪም ክዳኑ ወደ ላይ ይሁን። በግልባጩ ካስቀመጥሽውና ከፈነዳ ጠረጴዛውን ገፍቶ እንደ ሮኬት ይነሣል። በቴስተር አትለኪው፤ ያቺ ትንሽ ኤሌክትሪክ ትበቃዋለች። በብየዳ እሳት ደግሞ በጭራሽ። መሪውን ከነኤርባጉ ቁራሌው ጆንያ ውስጥ መጣልም አይሆንም። ከጆንያው ወጥቶ እቶን ውስጥ ሲገባ አጠገቡ የሚቆመው ያ አቅላጭ ምን እንደመጣበት አያውቅም። ለጊዜው በቁልፍ የሚዘጋ የብረት ሳጥን ውስጥ ይቀመጥ። ያ የጋራ ጓሮ ሲገኝ ደግሞ የመጀመሪያው የምናስገባው ዕቃ ያ ሳጥን ይሁን።